ፍልሰታ በምጽኬታ

እማዬ «ሂጂ» ያለችኝ ከሥራ ስትመለስ፣ የመጋዘን ሥራ ጫማዋን ሳታወልቅ በር ላይ እንደቆመች ነው። ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ «አይሆንም» ስትል ስለከረመች በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም።

«የት ልሂድ?» አልኳት።

«የት ብለሽ ነው ስትጨቀጭቂኝ የከረምሽው? ጆርጂያ ነዋ። አባ እሺ ብለዋል።»

አባ ማለት የንስሐ አባታችን ናቸው። ከደስታዬ ብዛት መጀመሪያ እማዬን፣ ቀጥሎ ሶፋ ላይ እግሩን ሰቅሎ የተቀመጠውን አባዬን፣ በመጨረሻ ደግሞ ፍሪጁን አቀፍኩ። አባዬ «ፍሪጁ ምን አደረገልሽ?» አለኝ።

ጆርጂያ ስል አትላንታ ያለችበትን አይደለም። ይህንን ለጎረቤት ሁሉ ስናስረዳ ስለከረምን እናንተንም ከወዲሁ ልገላግላችሁ። ከቱርክ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከሩሲያ በስተ ደቡብ ያለች፣ እንደ እኛ የራሷ ፊደል ያላት ትንሽ አገር ናት። ጓደኛዬ ኤካ የዚያ አገር ልጅ ናት። አሜሪካ ውስጥ፣ ኮሎምበስ ዳር ባለችው ከተማችን በዌስተርቪል አንድ ክፍል ነን፤ አባቷና አባዬም አንድ ድርጅት ውስጥ ትራክ ይነዳሉ። ኤካ ከአገሯ የወጣችው በስድስት ዓመቷ ሲሆን አያቶቿን ከዚያ ወዲህ አላየቻቸውም። የእናቷ ወረቀት በሂደት ላይ ስለሆነ ከአሜሪካ መውጣት አይችሉም፤ ልጃቸውን ብቻዋን መላክ ደግሞ ፈሩ። አባቷ ያጠራቀሙት የአውሮፕላን ጉዞ ነጥብ፣ ማይልስ የሚሉት፣ ለሁለት ሰው ስለሚበቃ ሁለተኛዋ ተጓዥ እኔ እንድሆን ጠየቁን።

እማዬን ያስቸገራት ርቀቱ ሳይሆን ጊዜው ነው። ጉዞው ሙሉ በሙሉ ፍልሰታ ላይ ይውላል፤ እኔ ደግሞ ዘንድሮ ስለት አለብኝ። በበረዶው ወራት አባዬ ጭነት ይዞ ወደ ክሊቭላንድ ሲሄድ መንገዱ በረዶ ጋግሮ ነበርና መኪናው ተገለበጠ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ «እመቤቴ፣ አባዬን አትርፊልኝ እንጂ ፍልሰታን አንድም ቀን ሳላጓድል እጾምልሻለሁ» አልኩ። እስከዚያን ጊዜ የእኔ ጾም ፒዛ እስኪመጣ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነበር። አባዬ ዳነ። እግሩ ውስጥ ብረት ገባ እንጂ ቀልዱ እንዳለ ነው። ቃሌን መጠበቅ ቀረኝ።

«ሰው አገር፣ ሰው ቤት ተቀምጠሽ እንዴት አድርገሽ ነው የምትጾሚው?» ትል ነበር እማዬ። አባ ግን «ጾም በሰው አገርም ጾም ነው። መንገደኛ ስለሆነች እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃታል፤ ቁርባኑ ስትመለስ ይደርሳል» አሏት። ይህንኑ ይዛ ነው በሩ ላይ የቆመችው።

«አንዲት ጠብታ ቅቤ አፍሽ ብትገባ ግን...»

«አትገባም እማዬ» አልኩ። ለመማል ቀላል ነበር።

ነሐሴ 1

እማዬ ሻንጣዬን ስትሞላ ልብሴ ዳር ዳር ተገፋ። መሀሉን ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድፍን ምስርና የሱፍ ዱቄት ያዙት። አባዬ በምርኩዙ ሻንጣውን ነካ አድርጎ «ልጅቷ አያት ልትጠይቅ ነው ወይስ እንደ ክሊቭላንድ አቬኑ ሐበሾች ሱቅ ልትከፍት ነው?» አለ። እኔ ቆሎውን ብቻ በእጅ ቦርሳዬ ያዝኩ። በኋላ እንደምታዩት ይህ የጉዞው ትልቁ ብልሃቴ ሆነ።

ምግብ ያዘዝኩት ትኬቱ ሲቆረጥ ነበር፤ «ቬጂቴሪያን» ብዬ። አውሮፕላኑ ላይ ክዳኑን ስከፍተው አይብ የለበሰ ፓስታ ተኝቶበታል። ኤካ «‹ቪጋን› በዪ ብዬሽ አልነበር?» አለችኝና ዳቦዋንና ሰላጣዋን ሰጥታኝ ፓስታዬን ወሰደች። በልውውጡ ከእኔ ይልቅ እሷ ደስ አላት። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ቱርካዊ ሽማግሌ ቆሎዬን ሲያዩ ዘገንኩላቸው። አንዷን በጥርሳቸው ፈተኗት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ መዳፋቸውን እንደ ስኒ አድርገው ለሁለተኛ ጊዜ ዘረጉ። እስከ ኢስታንቡል አንድም ቃል ሳንነጋገር ስንቆረጥም ሄድን።

ነሐሴ 3

ትብሊሲ ስንደርስ የኤካ ሻንጣ መጣ፣ የሌላውም ሰው ሁሉ መጣ፣ የእኔ ቀረ። ቀበቶው ባዶውን ዞሮ ዞሮ ቆመ። የአየር ማረፊያዋ ሠራተኛ ስሜን ጽፋ «ይመጣል» አለችኝ። መቼ እንደሚመጣ ግን አልነገረችኝም። ልብሱን እንኳ ከኤካ እዋሳለሁ፤ የከፋኝ ስለ ሽሮው ነው።

ውጭ ላይ የኤካ አያት በጎረቤታቸው መኪና መጥተው ይጠብቁናል። ስማቸው ናኑሊ ነው፤ እዚያ አገር አያትን ቤቢያ ይላሉና እኔም ቤቢያ ስላቸው ከረምኩ። አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ሴት ናቸው። ኤካን ሲያቅፏት ኤካ እንደ በር ቀጥ ብላ ቆመች። ጆርጂያኛዋ ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር የሚበቃ ነው፤ ለዚህ ያህል እቅፍ ግን አልበቃም። እናቷም ቢሆኑ በጆርጂያኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፤ እኔም ለእማዬ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ስለነበርኩ አልፈረድኩባትም። ቤቢያ እሷን ሲጨርሱ እኔን ሳሙኝ፤ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?»

«‹ይህቺንስ ማን አክስቶ ነው የላካት?› ትላለች» አለች ኤካ።

ያን ጊዜ ሳቅኩ። ነገሩ ከዚያው መጀመሩን አላወቅኩም።

ምጽኬታ ከትብሊሲ የምትርቀው ከኮሎምበስ መሀል ከተማ እስከ ፖላሪስ ገበያ ማዕከል ከምንነዳው ግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት ቦታ ላይ ናት፤ አራግቪና ምትኩቫሪ ይባላሉ። አንደኛው ጠራ ያለ፣ ሌላው ደፍረስ ያለ ስለሆነ ተገናኝተውም ጥቂት መንገድ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የእኛም ኮሎምበስ ኦለንታንጂና ሳዮቶ የሚባሉ ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት ናት፤ እኔ ግን አንድም ቀን መኪና አስቁሜ አይቻቸው አላውቅም። ምጽኬታ በጥንት ዘመን የአንድ ትልቅ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። አሁን ከዌስተርቪል ታንሳለች። ዌስተርቪል ላይ ግን ያለ መኪና ወተት መግዛት አይቻልም፤ እዚህ ከቤቢያ በር ተነስተሽ የጥንት ነገሥታት የተቀበሩበት ካቴድራል ለመድረስ ዳቦ ቤቱን ማለፍ ብቻ ነው።

ቤት ስንገባ ገበታው ቀርቧል። አይብ በውስጡ የቀለጠበት ክብ ዳቦ፣ በለውዝና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ዶሮ፣ ሦስት ዓይነት አይብ፣ የአሳማ ጥብስ። ይህ ሁሉ ለኤካ ከአሥር ዓመት በላይ የተጠራቀመ ናፍቆት ነው። እኔ ቲማቲሙን፣ ኪያሩንና እንደ ጀልባ ሹል የሆነውን ባዶ ዳቦ በላሁ። ቤቢያ የዶሮውን እግር ሳህኔ ላይ አኖሩት፤ ወደ ኤካ ሳህን አዛወርኩት። አይቡን አኖሩት፤ እሱንም አዛወርኩት።

«ትጾማለች በያት» አልኳት ኤካን።

ኤካ ነገረቻቸው። ቤቢያ እኔን አይተው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አይተው፣ እንደገና እኔን አዩኝ። ከዚያ ሳህኔን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን አላናገሩኝም።

ነሐሴ 4

ጠዋት ኤካን ጥርስ ስትፍቅ ያዝኳት። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ምን አሉ?»

አፏን ተጉመጥምጣ እስክትጨርስ አስጠበቀችኝ። «የማርያም ጾም ገና ቀናት ይቀሩታል፣ ማነው ከቤተ ክርስቲያን ቀድሞ የሚጾመው ትላለች። ውሸትሽን ነው የመሰላት። ጎረቤታችን የልጅ ልጅ አለቻት፤ ከትብሊሲ ስትመጣ ቀጭን ልሁን ብላ አይብ አይታ ትሸሻለች። አንቺንም ዳይት ላይ ናት፣ ቀጥታ መናገር አፍራ በእመቤታችን ታመካኛለች ብላለች።»

«ታዲያ የእኛ ጾም ቀደም ብሎ ይገባል ብለሽ አታስረጂያትም?»

«አልኳት። ‹እነሱ ደግሞ ክርስቲያን ናቸው እንዴ?› አለችኝ።»

ሳቅም ንዴትም መጣብኝ። ፍልሰታን ሙሉውን ስጾም በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ የመጀመሪያዬን የሚጠራጠር ሰው ቤት ደግሞ እንግዳ ሆኛለሁ።

ምሳ ላይ ቤቢያ ፈገግ ብለው መጡ። በሸክላ ድስት የተቀቀለ ቀይ ባቄላ ነው፤ ሎቢዮ ይሉታል። ድስቱን ፊቴ አድርገው «ብዪ» ብለው በእጃቸው አሳዩኝ፤ የጾም ምግብ ነው ማለታቸው ነው። ታረቅን ብዬ ደስ አለኝ። ስድስት ሰዓት አልፎ ስለነበር አንድ ማንኪያ ሙሉ ዋጥኩ። ሁለተኛውን ስቀዳ ማንኪያው ጀርባ ላይ ቢጫ ነገር ሲያብለጨልጭ አየሁ። አሸተትኩት። የእማዬ ልጅ ሆኜ ቅቤን በሽታው አላጣውም።

ቀና ስል ቤቢያ በጓዳው በር እያዩኝ ነው። የያዙኝ ያህል ሳይሆን የተያዙ ያህል ፊታቸው ቀላ። ለክፋት አልነበረም፤ ያቺ ከሲታ ልጅ እቤታቸው እንዳትከሳ በባቄላ ሸፍነው ሊያጎርሱኝ ነው። ማንኪያውን አስቀምጬ ወደ ግቢው ወጣሁና የወይኑ ሐረግ ስር አለቀስኩ። የአባዬ እግር፣ ያ ኮሪደር፣ «አትገባም እማዬ» ያልኩት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

ኮሎምበስ ሲነጋ ጠብቄ ደወልኩ። እማዬ ሥራ ልትሄድ መኪና ውስጥ ነበረች።

«ሳታውቂ ነው የዋጥሽው?»

«ሳላውቅ።»

«ሁለተኛውን ማንኪያስ?»

«መለስኩት።»

ቀበቶዋን ስታስር ይሰማኛል። «ሳታውቂ የዋጥሽውን እመቤታችን ታውቃለች። አውቀሽ የመለስሽውንም እሷ ታውቃለች። ቀጥዪ በቃ» አለችኝ። ከዚያ ስልኩን ይዛ ወደ ቤት መለስ አለችና ለአባዬ ሰጠችው።

«ስሚ» አለኝ አባዬ፣ «ትራክ ያልገደለኝ ሰውዬ በአንድ ማንኪያ ቅቤ አልሞትም።»

«አባዬ እያለቀስኩ ነው እኮ።»

«እኔም እየሳቅኩ አይደለም። ሴትየዋን ግን አታስቀይሚያቸው። ሰው የሚያጎርስሽ ሲጠላሽ አይደለም።»

ነሐሴ 5

የኤካ ወንድ አያት፣ ባቡዋ ኦታር፣ ያን ጠዋት ከወንድማቸው መንደር በፕላስቲክ ጀሪካን ወይን ጠጅ ጭነው ተመለሱ። ለኤካ ክብር ትልቅ ግብዣ ሊደገስ ነው ለካ። ባቡዋ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ቱሪስት ሲያስጎበኙ የተማሩት እንግሊዝኛም አላቸው። ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ «ልጆቹ ጅቫሪን ሳያዩ ሁለት ቀን አደሩ?» ብለው ቤቢያን ተቆጡና በአሮጌ መኪናቸው ይዘውን ወጡ።

ጅቫሪ ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ናት። እዚያ ቆመሽ ሁለቱ ወንዞች፣ ከተማዋና ካቴድራሉ እግርሽ ስር ናቸው። ነፋሱ ከኤካ የተዋስኩትን ሻሽ ሊወስደው ታገለ። ባቡዋ በምርኩዛቸው አገሩን ያሳዩን ጀመር።

«መንግሥቱ ካርትሊ ነው፤ ግሪኮች አይቤሪያ ይሉት ነበር። ያ ከወንዙ ማዶ ያለው ኮረብታ አርማዚ ነው። የነገሥታቱ ምሽግ እዚያ ነበር፤ ጣዖታቸውም እዚያ ቆሞ ወርቅና ብር ለብሶ ወደ ከተማዋ ያይ ነበር ይባላል። በዚህ በኩል ሮም፣ በዚያ በኩል ፋርስ። ንጉሡ ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን ፈገግ ብሎ ሰላም ሲል ኖረ።»

ከዚያ የንጉሥ ሚሪያንን ታሪክ ነገሩን። ኒኖ የምትባል ሴት ከወይን ሐረግ የተሠራ፣ በራሷ ፀጉር የታሰረ መስቀል ይዛ መጣች። ንግሥቲቱ ከሕመሟ ድና አመነች፤ ንጉሡ ግን ይቆጣ ነበር። አንድ ቀን ለአደን ወጥቶ ሳለ ፀሐይ ጨለመችበት። አማልክቱን ቢጠራ፣ ቢጠራ፣ ጨለማው ጨለማ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ «የኒኖ አምላክ ሆይ» ሲል ብርሃን ሆነ። ንጉሡም ተጠመቀ፣ አገሩም ተከተለው።

«ይህ በአራተኛው መቶ ዘመን ነው» አሉ ባቡዋ። «ከዚያ በፊት ይህን ያደረጉ ነገሥታት በጣት ይቆጠራሉ።»

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ የምታወቀው በእንቅልፌ ነው። የሚገርመው በእንቅልፌ መካከል የገባው ሁሉ ቀርቶ ኖሯል። «የእኛም ንጉሥ በዚያው ዘመን ነው ያመነው» አልኩ። «ኢዛና ይባላል። የአክሱም ንጉሥ ነበር። ያስተማረው ፍሬምናጦስ የሚባል ከባሕር ማዶ የመጣ ልጅ ነው፤ ኋላ ጳጳስ ሲሆን ‹ከሣቴ ብርሃን› አሉት፣ ብርሃን ገላጭ ማለት ነው። ኢዛናንና ወንድሙንም ቤተ ክርስቲያናችን አብርሃና አጽብሐ ትላቸዋለች። አበራና አነጋ ማለት ነው።»

ባቡዋ ምርኩዛቸውን አቆሙ። «እንደገና በይው።»

ደገምኩት። «ከዚያ በኋላስ? መነኮሳት አልመጡላችሁም?» አሉኝ፤ እንደ ፈተና።

«ዘጠኝ ቅዱሳን መጡ። አንዱ በዘንዶ ተስቦ ተራራ ላይ ወጣ።»

«ለእኛ አሥራ ሦስት ናቸው የመጡት። በዘንዶ የወጣ ግን የለንም» አሉ፤ ትንሽ የቀኑ መሰለኝ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ዳቦና አይብ አወጡና ከፍለው ዘረጉልኝ። «ለዚህ ታሪክ መብላት ይገባሻል።»

«ባቡዋ፣ እየጾምኩ ነው» አልኳቸው። «የእኛ የእመቤታችን ጾም ከእናንተ ቀድሞ ይገባል፤ ቀድሞም ይወጣል። ነሐሴ 16 እንፈታለን። ቤቢያ ግን አላመኑኝም።» ከዚያ የአባዬን ነገር፣ የስለቱን ነገር፣ በመጨረሻም የባቄላውን ነገር ነገርኳቸው። ባቄላው ላይ ስደርስ ሳቃቸው ኮረብታውን ሞላው። የስለቱን ነገር ሲያስታውሱ ግን ሳቁን ትተው ዳቦውን ብቻ ለይተው ሰጡኝ፤ አይቡን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። እየጮሁ ነበር የሚያወሩት፤ ሚሪያንና ኢዛና የሚሉትን ብቻ ነው የሰማሁት።

«ምን እያሏት ነው?» አልኳት ኤካን።

«‹ሴትዮ፣ ከንጉሥ ሚሪያን ዘመን ጀምሮ የሚጾሙ ሰዎችን ልጅ ነው ቅቤ ያበላሽው› ነው የሚላት።»

ቤት ስንደርስ ቤቢያ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያንን ሸክላ ድስት በአሸዋ ይፈገፍጋሉ። ሲያዩኝ አልተነሱም፤ ድስቱን ወደ ፀሐይ አዙረው ውስጡን አሳዩኝ። ከዚያ በእርጥብ እጃቸው ራሴን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ፤ አሸዋው ፀጉሬ ላይ ቀረ። አንድ ረጅም ነገር ተናገሩ። ኤካ ተረጎመችልኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ከነገ ጀምሮ ማንም ቤቴ ውስጥ ብቻውን አይጾምም ትላለች።»

ባቡዋ «ጾሙ እኮ ነሐሴ 8 ነው የሚገባው!» አሉ። «ስንት ዶሮ አለኝ!»

ቤቢያ መለሱላቸው። ይኼኛውን ኤካ ልትተረጉመው አልፈለገችም።

ነሐሴ 7

ግብዣው ደረሰ። ጎረቤት ቀደም ብሎ ስለተጠራ ሥጋውን ማስቀረት አልተቻለም፤ ቤቢያ ገበታውን ለሁለት ከፈሉት። በዚያኛው ጫፍ የባቡዋ ዶሮዎች፣ በዚህኛው ጫፍ የእኛ፤ ስፒናች በለውዝ ተወቅጦ፣ ደበርጃን ተጠብሶ በለውዝ ተጠቅልሎ፣ ያ ሸክላ ድስትም በባቄላ ተሞልቶ። እማዬ ሱፍ እንደምትጨምረው እነሱ ሁሉ ነገር ላይ ለውዝ ይጨምራሉ። ቤቢያ እኔ ጋ ተቀመጡ፤ ዶሮውን ዞር ብለው አላዩትም።

እዚያ አገር ገበታ የራሱ አለቃ አለው። ታማዳ ይሉታል፤ እሱ ሳይናገር ማንም ብርጭቆ አያነሳም፣ እሱ ሲናገር ደግሞ ማንም አይጎርስም። ታማዳው ባቡዋ ናቸው። መጀመሪያ ለእግዚአብሔር፣ ቀጥሎ ለአገር፣ ከዚያ ለሞቱት፣ ከዚያ ለኤካ ተናገሩ። ኤካ ቆማ በጆርጂያኛ መልስ ሰጠች፤ አጭር ነበር፣ ሁለት ቦታም ተሰናክላ ጎረቤቶች አቀበሏት፤ ቤቢያ ግን መሀረባቸውን አወጡ። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ሎሚናት መሳይ አረንጓዴ መጠጥ ያለበት ብርጭቆ ይዤ ቆምኩ። ቤት ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምደበቅ ልጅ ነኝ፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ ነው የምናገረው አልኩ። «ላበላችሁኝ ነገር፣ ላላበላችሁኝም ነገር አመሰግናለሁ። አባዬ እንዲነዳ፣ እናንተም እንድትስቁ ይሁን» አልኩና ራሴ በእንግሊዝኛ ለኤካ ነገርኳት፤ ኤካም አስተላለፈች። ባቡዋ ለአባዬ እግር ሲሉ ቆሙ። ገበታው ሁሉ ለአባዬ እግር ጠጣ።

እንግዶቹ ሳይበተኑ አንድ መኪና በሩ ላይ ቆመ፤ ሻንጣዬ ነው። በነጋታው እዚያው ድስት ውስጥ ሽሮ ሠራሁ። እውነቱን ለመናገር ቀጠነ፣ ጓጎለም፤ እማዬ ብታየው ታፍርብኝ ነበር። ባቡዋ ግን ዳቦ እያጠቀሱ «ይህንን ኢዛና ይበላው ነበር?» ይሉኛል። ያን ቀን የእነሱም ጾም ገባ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት

ቀናቱ ተመሳሰሉ። ጠዋት ጠዋት እኔና ኤካ ቤቢያን ተከትለን ካቴድራሉ እንሄዳለን። የሚሪያን ሰዎች የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ አልነሳ ያላቸው ምሰሶ ቦታ እዚያ ነው፤ በኒኖ ጸሎት ነው የቆመው ይላሉ። ቤቢያ ሻማ ሲያበሩ የአባዬን ስም ጠየቁኝ። እኛ ለጸሎት የክርስትና ስም ስለምንሰጥ «ገብረ ጊዮርጊስ» አልኳቸው። «ጊዮርጊ!» አሉ፤ የሚያውቁት ጎረቤት የተጠራ ያህል። አገሩ ሁሉ ጊዮርጊ በሚባል ሰው የተሞላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአባዬ ሻማ ሳይበራ የቀረ ቀን የለም።

ባቡዋ አንድ ቀን ኡፕሊስጽኼ የሚባል ከዐለት የተፈለፈለ የጥንት ከተማ ወሰዱን። ላሊበላን በፎቶ ብቻ እንደማውቀው ስነግራቸው «ታዲያ የእኔን ዋሻ ለማየት ይህን ሁሉ በረርሽ?» ብለው ወቀሱኝ። ስንመለስ ጎማ ፈነዳብን፤ መንገድ ዳር ሐብሐብ የሚሸጥ ሰውዬ ጎማውን ቀይሮ ሐብሐብም ጨመረልን። ካርትሊ እንዴት እንዳለቀች የነገሩን እዚያው ሐብሐብ እየበላን ነው። ፋርሶች በረቱና ንግሥናውን አጠፉት፤ አገሩ ግን ንጉሥ ሳይኖረውም ጾሙንና ፊደሉን ይዞ ቆየ።

ነሐሴ 16

ጾማችን ተፈታ። እማዬ ከምሽት ሥራ ስትወጣ ደውላ እልል አለችብኝ። «ጨረስሽው አይደል? በይ ብዪ አሁን።»

እንዴት እበላለሁ? የቤቱ ጾም ገና እስከ 22 ነው። ዝም ብዬ ከእነሱ ጋር ባቄላዬን ልበላ አስቤ ወደ ጓዳ ብገባ ቤቢያ እጃቸው ዱቄት ነው። አይብ የሚቀልጥበትን ያንን ክብ ዳቦ ለእኔ ብቻ ጋግረው አገኘኋቸው። የእኔን ቀን በቀን መቁጠሪያቸው ላይ አስምረውበት ነበር። ገበታው ላይ አቀረቡልኝ። እነሱ ባዶ ዳቦና ቲማቲም ይዘው ዙሪያዬን ተቀመጡ፤ ሦስቱም አፌን ያያሉ።

ቆረስኩ። እንደ ጨው ድንጋይ ነው። እየጾሙ ስለጋገሩት ሊቀምሱት አልቻሉም፤ በግምት ነው የጨመሩት።

«እንዴት ነው?» አሉ ቤቢያ።

«እንደዚህ ያለ በልቼ አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነው። እስከ መጨረሻው በላሁት፤ ውሃውንም ጠጣሁ።

ሳህኑን ሲያነሱ ኤካን ጠርተው አንድ ነገር እንድትነግረኝ አደረጉ። ኤካ ያን ቀን እንደ አስተርጓሚ ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ነው የነገረችኝ፤ ቤቢያን በወገባቸው አቅፋ። «ያንቺ አለቀ፤ የእኔ ቀናት ይቀራሉ። በማንኪያ ያጎደልኩብሽን ልተካ፤ የቀሩትን ለአባትሽ ለጊዮርጊ እጾማቸዋለሁ ብላለች።»

ነሐሴ 18 እና በኋላ

ስንለያይ ኤካ ቤቢያን አልለቅ ብላ አስቸገረች፤ ባቡዋ የመኪናቸውን ጥሩምባ ነፍተው ነው ያላቀቋት። ሻንጣዬን በሽሮ ፈንታ ለውዝ፣ የደረቀ ፍራፍሬና በክር ተሰክቶ በወይን ጭማቂ የተነከረ ለውዝ ሞላው።

ኮሎምበስ ስደርስ ለእንኳን ደህና መጣሽ ዶሮ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ገበታው ላይ ምስርና ጎመን ነው።

«ጾሙ አልተፈታም እንዴ?» አልኩ።

«በስልክ የነገርሽኝን ሰምቼ?» አለች እማዬ። «ሰው አገር ያሉ ሴት ለማያውቁት ባሌ እየጾሙለት እኔ እዚህ ዶሮ ልሠራ?»

አባዬ «እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለ። ምስሩ ላይ ግን አላጉረመረመም። ያን እሑድ ቆረብኩ። ነሐሴ 22፣ የእነሱ ጾም ሲፈታ፣ ኤካና ቤተሰቧ እኛ ቤት መጡ፤ ስልኩን በጠርሙስ አስደግፈን ምጽኬታን ደወልን። ቤቢያና እማዬ በአንድ ጊዜ ቆርሰው በአንድ ጊዜ ጎረሱ። አባዬ ያለ ምርኩዝ ከሶፋው ተነስቶ እስከ ስልኩ ተራምዶ ታያቸው። ቤቢያ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።

ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ያዘዙኝን መልእክት ላድርስ። ከእናንተ መካከል ማንም ሰው በፍልሰታ ምጽኬታ ቢደርስ ሆቴል እንዳይገባ ብለዋል። ከካቴድራሉ በር ዳቦ ቤቱን አልፋችሁ፣ የወይን ሐረግ በአጥሩ ላይ የተንጠለጠለበትን አረንጓዴ በር አንኳኩ፤ ያ ሸክላ ድስት ለእንግዳ ብቻ ተለይቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ቅቤም አይነካውም። ጆርጂያኛ አያስፈልጋችሁም። ከመቀመጣችሁ በፊት ብቻ «ኢዛና» በሉ፤ የቀረውን ባቡዋ ለቤቢያ ይነግሯቸዋል።